ሽቦው የማን ነው?

ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን ሲዋስ ትርጉሙን ጥሎ ስሙን ብቻ አስቀረ፤ የተጣለው ትርጉም ግን ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጥሩ መነሻ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ደንብ ላይ የድርጅቱን ኢሜይልና ኢንተርኔት ለግል ጉዳይ መጠቀም የሚከለክል አንቀጽ ይገኛል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ የሥራ ሰዓት ይባክናል፣ ምስጢር ይወጣል፣ ቫይረስ ይገባል። እነዚህ ምክንያቶች ሐሰት አይደሉም፤ ደንቡን ግን አልወለዱትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ወደ ሥሩ ሲወርዱ የሚያገኙት ሽቦ ነው፤ ጥቂት የነበረ፣ ውድ የነበረ፣ ባለቤቱም አንድ ብቻ የነበረ ሽቦ። ሽቦው ሲበዛና ሲረክስ ደንቡም አብሮ መላላት ነበረበት። አልላላም። ይጠብቀው የነበረውን ዕቃ ትቶ ሰውየውን መጠበቅ ያዘ። የምከራከረው ይህንኑ ነው፤ ክርክሩንም ከጅቡቲ ከተማ ከካርቲየ 5 እጀምራለሁ። (ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥሮች በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዮች ከ1888 ጀምሮ ጅቡቲን ሲቆረቁሩ አንድ ከተማ ብለው ሁለት ከተማ ነው የሠሩት። ከባሕሩ ከፍ ባሉት የኮራል ጉብታዎች፣ እነ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባሉት ላይ፣ አስተዳዳሪውና ፈረንጁ ሰፈሩ፤ ወደቡ፣ የባቡሩ ጣቢያና ትልልቆቹ የንግድ ቤቶችም በዚያው ወገን ሆኑ። ከዚያ በስተደቡብ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ደግሞ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑና ኢትዮጵያዊው ሰፈረ። ማጋላ ይባል የነበረው ይህ ወገን በቀጥታ መንገዶች ተሸንሽኖ ለየሰፈሩ ቁጥር ተሰጠው፦ ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2 እየተባለ እስከ 7 ይሄዳል። ቤቱ በአብዛኛው ሳንቃና ቆርቆሮ ነበር። ሰፈርን በቁጥር መጥራት የአስተዳዳሪ አመል ነው፤ ነዋሪው ግን ቁጥሩን ተቀብሎ እንደ አገር ስም አደረገው፤ ዛሬም ካርቲየ 5 ሲባል ማንም ቁጥር መሆኑን አያስብም። ለኛ ጉዳይ የሚበጀን ግን የሁለቱ ከተሞች የሥራ ክፍፍል ነው። ሥራው በአንዱ ወገን፣ እንቅልፉ በሌላው ነበር፤ ሽቦውም የቀረው ከሥራው ጋር ነው። ወደብ ጭነት ሲያወርድ፣ ባቡር ጣቢያ ሲጽፍ፣ በነጋዴ ቤት ሒሳብ ሲይዝ ወይም በመኮንን ወጥ ቤት ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ወደ ካርቲየው ሲመለስ ሽቦውን እዚያው ትቶት ይመጣል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ካለ ዘመዱ ጋር በዚያው ቀን የሚነጋገርበት መንገድ ካለ መንገዱ የአሠሪው ነው። በ1966 እና በ1967 ደግሞ ከተማዋ ዙሪያዋን በሌላ ዓይነት ሽቦ፣ በእሾሃማው፣ ታጠረች፤ እሾሃማው ሰውን ሲያግድ የመልእክቱ ሽቦ ከላይ ወሬ ያሳልፍ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ የሥራ ሽቦ የምድር ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበቤ ለገሃር የሚለውን የሰፈር ስም ያገኘው ከባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳይኛ ነው፤ ቢሮ የሚለውም ቃል ፈረንሳይኛ ነው። ከሐዲዱ ጎን ለጎን በምሰሶ ላይ የመልእክት ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ይህ ሽቦ የምቾት ነገር አልነበረም። ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ ከአሊ ሳቢህ የተነሣ ባቡርና ከደወሌ የተነሣ ባቡር በአንድ መሥመር ላይ ፊት ለፊት ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ጣቢያው ባቡሩን ከመልቀቁ በፊት ቀጣዩን ጣቢያ መንገዱ ነጻ መሆኑን ጠይቆ መልስ መጠበቅ አለበት፤ መልሱም የሚመጣው በዚያው በአንዱ ሽቦ ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ሽቦውን ይዞ ከአይሻ ባልደረባው ጋር ስለ ሠርግ ወይም ስለ ብድር ቢያወራ የሚዘገየው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሊሞት ይችላል። በታሪክ ውስጥ የግል መልእክትን ከሥራ ሽቦ ላይ ለመከልከል ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ምክንያት አላገኘሁም። ማንም አስተዋይ ሠራተኛ ቢሆን አለቃ ሳይነግረው የሚቀበለው ደንብ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ደንቡ ስለ ሠራተኛው ጠባይ አንዳች ነገር አለማለቱን ነው። ሰነፍም ሆነ ትጉህ፣ ታማኝም ሆነ ሌባ፣ ሽቦው ሲያዝ ሐዲዱ ይታወራል።

ያው ባቡር ግን ለግል መልእክት ዝግ አልነበረም። ሽቦው ቢከለከልም ፉርጎው አደራ ይጭን ነበር። ደብዳቤ በሰው እጅ መላክ፣ ገንዘብን በመንገደኛ መስደድ፣ ለእናት የሚሆን ጨርቅ ከጅቡቲ ገዝቶ ለሚያውቁት ሰው ማስያዝ በዚህ መሥመር ላይ የቆየ ልማድ ነው፤ ከኮንትሮባንዱ ጋር እየተቀላቀለ ጉምሩክን ሲያደክም ኖሯል። አደራ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ በኋላ ዘመን የከባድ መኪና ሹፌሩ ቦታውን ወረሰ። እንግዲህ የሥራ ጉዞና የግል መልእክት አብረው መኼዳቸው ኢንተርኔት ያመጣው ብልሽት አይደለም፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሥራው እኩል ዕድሜ አለው። አሠሪው ያገደው መጣበብ ባለበት ቦታ ብቻ ነበር። ፉርጎ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ቢጨመር ባቡር አይጋጭም።

የቴሌግራፉ ዓለም ይህን ልዩነት በሕግ ጽፎት ነበር። በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ስምምነት መልእክቶችን በሦስት ይከፍላል፦ የመንግሥት፣ የአገልግሎት፣ የግል። ፈረንሳይ ዓለም አቀፉን የቴሌግራፍ ማኅበር በ1865 ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት፤ ኢትዮጵያ በ1932 ገባች። የአገልግሎት መልእክት የሚባለው የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርስ ስለ ሥራቸው የሚለዋወጡት ነው፤ ክፍያ የለውም። የግሉ በቃል ቁጥር ይከፈልበታል፤ በባሕር ኬብል ሲሻገር ደግሞ ዋጋው ለነጋዴም ይከብድ ስለነበር ነጋዴዎች አንድ ረጅም ሐረግ በአንድ ቃል የሚተኩበት የኮድ መጽሐፍ ይገዙ ነበር፤ በ1906 የወጣው የቤንትሌ ኮድ በጣም የታወቀው ነው። የጫነ መርከብ መነሣቱንና ዋጋ መውደቁን በአንድ ትርጉም የለሽ ቃል የሚናገር የንግድ ቤት አለ፤ በዚያው ቤት ጸሐፊ የሆነና ልጅ መወለዱን ለማሳወቅ የቀን ደመወዙን ቃል በቃል የሚቆጥር ሰውም አለ። በቴሌግራፈኛው ፊት የተቀመጠው ቁልፍ ሁለቱንም መልእክት እኩል ያስተላልፋል። ፈተናው ግልጽ ነው፤ የግሉን በአገልግሎት ስም አሾልኮ መላክ። ክልከላው እዚህ ላይ መልኩን ትንሽ ቀየረ፤ ሕይወት መጠበቁ ቀርቶ ገቢ መጠበቅ ሆነ። ያም ሆኖ ምክንያቱ ሊመዘን የሚችል ምክንያት ነበር፤ የአንድ ቃል ዋጋ ይታወቃል፤ ጉዳቱም በሣንቲም ይቆጠራል። ስምምነቱ ደግሞ ሌላም ነገር ይላል። ፈራሚ አገሮች የመልእክትን ምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ወዲያው ቀጥሎ ለመንግሥት ጸጥታ ወይም ለሥነ ምግባር አስጊ የመሰለውን የግል ቴሌግራም የማቆም መብት ይሰጣቸዋል። ምስጢርህ የተጠበቀ ነው፣ እኔ ግን አየዋለሁ ማለት ነው። ዛሬ በየቢሮው የሚፈረመው የኢንተርኔት አጠቃቀም መመሪያ ከዚህ 150 ዓመት ካለፈው አነጋገር ብዙም አልራቀም።

ስልኩ ሲስፋፋ ደንቡ ቁሳዊ ሆነ፤ ቁልፍ ተበጀለት። በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን በቦርድ ከተደራጀበት ከ1952 በኋላ የመሥሪያ ቤት ስልክ እየበዛ ሄደ፤ በየቤቱ የሚገባው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ወረፋ የሚጠበቅበት ዕቃ ሆኖ ቀረ። የዚያን ዘመን ቢሮ ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ፦ በመደወያው ክብ ቀዳዳ ውስጥ የገባች ትንሽ ጓጉንቸር፣ ወይም ስልኩን የዋጠ የእንጨት ሣጥን። ቁልፉ ከኃላፊው ወይም ከጸሐፊዋ ጋር ነው። ስልኩ ሲጠራ ማንም ያነሣል፤ መደወል የሚችለው ግን ባለቁልፉ ብቻ ነው። በኋላ ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ጓጉንቸሩ ወደ መሥመሩ ውስጥ ገባና ዜሮ የተዘጋ ስልክ የሚባል ነገር መጣ፤ ወደ ክፍለ ሀገርና ወደ ውጭ የሚወስደው ዜሮ ስለሆነ እሱን ዘግቶ የከተማውን መተው ነው። ለአንድ ሠራተኛ ዜሮ ተከፈተለት ማለት ከደረጃ ዕድገት የማይተናነስ ወሬ ነበር። ዜሮን መዝጋት በልኩ የተቆረጠ ክልከላ እንደነበር ግን ልንመሰክርለት ይገባል። ውዱን ጥሪ አገደ፤ ርካሹን ተወ፤ ማን ምን እንዳወራ አልጠየቀም። ብረት ጆሮ የለውም።

ኢሜይልም ወደዚህ አካባቢ የገባው በሰው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ስም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ ከፖስታ ከረጢት ጋር ይመሳሰል ነበር፤ መልእክቶቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማሉ፤ ለንደን ያለው ግሪንኔት የተባለው አውታር በዓለም አቀፍ ስልክ ሲገናኝ የተጠራቀመው ይሄዳል፣ የመጣው ይራገፋል። ተጠቃሚዎቹ የተባበሩት መንግሥታት ክፍሎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን መሸጥ የጀመረው በጃንዋሪ 1997 ነው፤ ያን ጊዜም ደንበኛው በአብዛኛው ድርጅት ነበር። በጅቡቲም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የድርጅቶች የንግድ ካርድ ላይ አንድ አድራሻ ይታተማል፤ መጨረሻው የብሔራዊው አቅራቢ ኢንትኔት ነጥብ ዲጄ ነው። አንድ ድርጅት፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ የይለፍ ቃል። ጸሐፊዋ ጠዋት ትከፍታለች፤ የመጣውን በወረቀት አትማ ለኃላፊው ታስገባለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የግል ኢሜይል ክልክል ነው ብሎ መጻፍ ራሱ ትርፍ ነው፤ መልእክት ሁሉ እንደ ፖስት ካርድ በእጅ በእጅ እየታየ ያልፋልና።

በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ጅቡቲ ዞረ። የትራንዚተር ቢሮ በዛ፤ ቴሌክስና ፋክስ ይጨናነቅ የነበረበት የመርከብ ሰነድ፣ ዲክላራሲዮን፣ የመኪና ስም ዝርዝር ቀስ በቀስ ወደ ኢሜይል ተዛወረ። በ1999 ሲሚዊ 3 የተባለው የባሕር ኬብል ጅቡቲን አገኛት፤ በዚያው ዓመት ጅቡቲ ቴሌኮም ተቋቋመ። ግን ከኬብሉ እስከ ቢሮው ያለው የመጨረሻ መንገድ አሁንም በስልክ ሽቦ የሚደወል፣ በደቂቃ የሚቆጠር፣ አንድ ፎቶግራፍ እስኪወርድ ቡና የሚጠጣበት ነበር። አንድ ሠራተኛ ዘመድ የላከለትን የሠርግ ፎቶግራፍ ሲያወርድ የአንድ መርከብ ሰነድ ይጠብቃል። እዚህም ላይ ክልከላው የባቡር ሽቦውን ክልከላ ይመስላል፤ ሞት ባይኖርበትም መጣበብ አለበት። ሠራተኛውም ሌላ አማራጭ አጥቶ አልነበረም፤ የኢንተርኔት ቤቶች በሰዓት እየተከፈለባቸው ተከፍተው ነበር። በቢሮ የተከለከለውን ማታ ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። ይህን ጊዜ ደንቡ ፍትሐዊ አልነበረም የሚለኝ ሰው ቢመጣ ከአሠሪው ጋር ነው የምቆመው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሰዓት ማንም አላነሣም ማለቴ አይደለም። ሰዓት የክልከላው ዋና ምክንያት ሆኖ ፊት የወጣው ግን ሽቦው ርካሽ ሲሆን ነው። በአሜሪካ በ1995 ሰርፍዋች የተባለ የድረ ገጽ ማጣሪያ ለወላጆች ተሸጠ፤ ልጆች የማይገባቸውን እንዳያዩ። ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ማጣሪያ ዌብሴንስን በመሰሉ ኩባንያዎች በኩል ለአሠሪዎች ቀረበ። በ1999 ዜሮክስ 40 ያህል፣ ኒውዮርክ ታይምስ ደግሞ ከ20 በላይ ሠራተኞቻቸውን በኢንተርኔትና በኢሜይል አጠቃቀም ምክንያት አሰናበቱ። ለልጅ የተበጀ መሣሪያ ለአዋቂ መዋሉ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ ጥያቄው ስለ ዕቃው መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየው ጠባይ ሆኗል። የሰዓት ክርክሩን ግን በንቀት ማለፍ አይገባም። አሠሪ የሚከፍለው ለሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ሁለት ሰዓት ዩቲዩብ ላይ ቢውል አሠሪው የከፈለበትን አላገኘም። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጉዳት የሚለካው በተሠራው ሥራ ነው። ሥራውን ያልጨረሰን ሰው ሥራውን አልጨረስክም ማለት ይበቃል፤ ምን እንዳነበበ ማወቅ አያስፈልግም። ደግሞም ሰዓት የሚያባክኑ ነገሮች ሁሉ እኩል አልተከለከሉም። ጅቡቲን የሚያውቅ ሁሉ ቀኑ በጫት እንደሚከፈል ያውቃል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት እኩለ ቀን አካባቢ ሲገባ ቢሮው ወደ መዘጊያው፣ ከተማውም ወደ መብረዙ፣ ወደ ጫት መቃሚያው ቤት፣ ያዘነብላል። የሥራው ሰዓት ራሱ ከልማዱ ጋር ተስማምቶ ኖሯል። ልማድን የሚያክል ኃይል ሲመጣ ደንብ መንገድ ይለቃል፤ ለእናቱ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ግን እንደዚያ ያለ ኃይል የለውም።

ሁለተኛው ክርክር የደኅንነት ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምሰጠውም ለእሱ ነው። በግል ኢሜይል የመጣ አንድ የተመረዘ ፋይል የድርጅቱን መረብ ሊያፈርስ ይችላል፤ የደንበኛ ሰነድ በአንድ ጠቅታ ሊወጣ ይችላል። ባንክ ወይም ወደብ ውስጥ ይህ ተረት አይደለም። ግን አሠሪዎቹ ራሳቸው ክርክሩን ምን ያህል ያምኑበት ነበር? ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ራስጌ ላይ የያሁና የጂሜይል አድራሻ ታትሞ ይታይ ነበር። የመንግሥት ሥራ በግል የደብዳቤ ሣጥን፣ ያውም ባሕር ማዶ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ይሠራ ነበር። የቢሮው ሽቦ ለሠራተኛው የግል ጉዳይ ዝግ ሲሆን የሠራተኛው የግል አድራሻ ለቢሮው ጉዳይ ክፍት ሆነ። ዛሬም የዋትስአፕና የቴሌግራም ቡድን ከፍቶ ሠራተኛውን ሌሊት ሥራ የሚያዝ ኃላፊ ሞልቷል፤ ስልኩም የሠራተኛው፣ ፓኬጁም የሠራተኛው ነው። ደኅንነት ከልብ ቢታሰብ ኖሮ ድንበሩ በሁለቱም በኩል ይታጠር ነበር። የታጠረው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ከአሠሪው ጀርባ ደግሞ ትልቁ የሽቦ ባለቤት አለ። በኢትዮጵያ በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከለከለ፤ የውጭ ጥሪ ገቢን ለመጠበቅ። ከ2005 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ፤ እስከ 2007። በመጀመሪያው ውስጥ የቴሌግራፉ ዘመን ምክንያት ይታያል፤ ገቢ። በሁለተኛው ውስጥ ግን ገቢ የለም፤ እንዲያውም ገቢ ይቀራል። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ አንዱ ምክንያት በሌላው ሲተካ በአንድ ባለቤት እጅ ላይ ማየት ይቻላል። የግል አሠሪዎች ከዚህ ተማሩ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ሕጉ ምን አለ? መጀመሪያ የተነሣው ስለ ቢሮ ስልክ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1997 የእንግሊዝ ፖሊስ ከፍተኛ መኮንን የነበሩት አሊሰን ሃልፎርድ ባቀረቡት ክስ ላይ የቢሮ ስልክ ላይ የሚደረግ ንግግርም በግል ሕይወት ጥበቃ ውስጥ እንደሚገባ ወሰነ። በኦክቶበር 2001 የፓሪሱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት የኒኮን ኩባንያን ሠራተኛ ጉዳይ ሲያይ ከዚያ ራቅ ብሎ ሄደ፦ ሠራተኛ በሥራ ሰዓትና በሥራ ቦታም የግል ሕይወት አለው፤ አሠሪው ኮምፒውተሩን ለግል መጠቀም ቢከለክል እንኳ የግል መልእክቱን ማንበብ አይችልም። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የተለያዩት ሁለት ነገሮች የዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሽቦውን መከልከልና መልእክቱን ማንበብ። የመጀመሪያው የባለቤት መብት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይወለድም። በ2017 ደግሞ ስትራስቡርግ ያለው የዚያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በያሁ ሜሴንጀር ምክንያት ከሥራ በተባረረ ሮማንያዊ መሐንዲስ ጉዳይ የታችኛውን ችሎት ውሳኔ ገልብጦ አሠሪው ቀድሞ ማስታወቁ፣ የክትትሉ ስፋት፣ ቀላል አማራጭ መኖሩ ሁሉ መመዘን አለበት አለ። የፓሪስም ሆነ የስትራስቡርግ ውሳኔ ጅቡቲን አያስገድድም፤ የጅቡቲ የ1992 ሕገ መንግሥት ግን የመልእክትን ምስጢር በራሱ ቃል ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠርቶ ያስከብራል፤ በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታከለበት። ከነዚህ አንዱም የሥራ ሽቦ ላይ ሲሆን ይቀራል አይልም።

ኮምፒውተሩም መሥመሩም የእኔ ነው፤ በቤቴ ውስጥ ያለውን ማየት እንዴት እከለከላለሁ የሚል አሠሪ ይኖራል። ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። መልሱ ባቡሩ ውስጥ አለ። ፉርጎው የኩባንያው ነበር፤ ፉርጎው ውስጥ የተጫነው አደራ ግን የኩባንያው አልሆነም። ፖስታ ቤቱ ከረጢቱን ስለያዘ ደብዳቤውን አልወረሰም። ባለቤቱ አልጭንም ማለት ይችላል፤ ዜሮውን ሊዘጋ፣ ድረ ገጹን ሊያጠፋ፣ ኮምፒውተሩን ሊነሣ ይችላል። ከጫነ በኋላ ግን ማሸጊያውን መፍታት ሌላ ሥልጣን ይጠይቃል። አሠሪው የፈለገው ያን ሥልጣን እንደሆነ ያሳየው ደግሞ የኪስ ስልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2018 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በ2022 ሳፋሪኮም ገባ። በጅቡቲ ዋጋው ውድ ነው የሚለው ወቀሳ ባይቀርም ሀራሙስ በሚባለው ዳርቻዋ ላይ ከሲሚዊ 3 ወዲህ ሌሎችም ኬብሎች አርፈዋል፤ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት አንዱ ዋና በርም እሱ ነው። የካርቲየ 5 ሰው ሽቦውን ከሥራው ወገን ትቶ የሚመጣበት ዘመን አልፏል፤ በኪሱ ይዞት ይገባል፣ ይዞት ይወጣል። የአሠሪው መሥመር አይጨናነቅም፤ ሒሳቡም አይጨምርም። በዚህ ሁኔታ ክልከላው በራሱ ጊዜ መሞት ነበረበት። በብዙ ቦታ የሆነው ግን ስልኩን በር ላይ አስቀምጥ የሚል ደንብ መጨመሩ ነው።

ይህ ደንብ እርቃኑን የሚታየው ቢሮ በሌለበት ሥራ ላይ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 በሳውዲ ዐረቢያ ስላሉ የቤት ሠራተኞች ባወጣው ዘገባ ስልካቸውን የሚነጠቁ፣ ከቤተሰብ ጋር እንዳይነጋገሩ የሚደረጉ ሴቶችን መዝግቧል፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያትም የሚናገሩት ከዚህ የተለየ አይደለም። እዚያ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ሐዲድ የለም፤ በቃል የሚከፈል ኬብል የለም፤ የሚወጣ የደንበኛ ሰነድ የለም። ስልኩ በገዛ ደመወዟ የተገዛ ነው። በምሥራቁ መንገድ በየመን በኩል ሊሻገሩ የሚነሡት ብዙዎቹ ጅቡቲን አቋርጠው ኦቦክ ይደርሳሉ። ኦቦክ በ1880ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳዮቹ የቴሌግራፍ ኬብል ወደ ፔሪም ደሴት የወጣበት ዳርቻ ነው። ጀልባው ላይ የምትወጣው ልጅ ሽቦ በሌለው ስልክ ለቤተሰብ ደርሻለሁ ብላ ትልካለች፤ ቀጥሎ ስልኩን የሚይዘው ማዳም ናት።